እኔ ቡድን መሪ ስሆን ፈረሱን ማን ያክም?

ለተከበሩ አቶ ወገኔ፣ የመሥሪያ ቤታችን ኃላፊ
ዳንግላ

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብሁ፣ ጤናዎ ከስብሰባ ወደ ስብሰባ ለመመላለስ የሚበቃ፣ ወንበርዎም የማይነቃነቅ እንዲሆን እመኛለሁ። እኔ በእርስዎ ሥር በእንስሳት ክሊኒኩ የማገለግል፣ ሐምሳውን ያለፍሁ የእንስሳት ሐኪም ነኝ። በወሩ ግምገማ «የማደግ ፍላጎት የሌለው» ተብዬ፣ እስከ ዓርብ ለቡድን መሪነት ካልተወዳደርሁ ወደ ንብረት ክፍል እንደምዛወር ስለ ተነገረኝ፣ ምስጋናዬን በአደባባይ ላቀርብ ወደድሁ።

አንደኛ፣ በመካከላችን ስለ ዘሩልን ፉክክር አመሰግናለሁ። ድሮ ጧት ስንገናኝ የምንጠያየቀው ስለ ልጆቻችን ነበር፤ አሁን ማን የት እንደ ተመደበ ነው። እንደ ልጄ የማያት የመዝገብ ክፍል ባልደረባዬ ሜላት በግምገማው ተነሥታ፣ «ጋሼ፣ ፈረስ እንኳ ኮርቻ ይቀይራል፤ እርስዎ ግን እዚያው ጋጣ» ስትለኝ ቤቱ ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ቤት ገብቼ ለባለቤቴ ስነግራት ግን እሷ አልሳቀችም፤ እውነት ለምን እንደማልወዳደር ጠየቀችኝ። ከዚያ ወዲህ ቤቴም መሥሪያ ቤት ሆኖብኛል።

ሁለተኛ፣ ፀጋውን ስላሳደጉልን አመሰግናለሁ። ፀጋው እጁ የተባረከ ሐኪም ነበር፤ ግምገማው አላስቀምጥ ሲለው ተወዳደረ፣ አለፈም። አንድ ቀን የቆሰለ በቅሎ መጥቶ ከቢሮው ወርዶ ቢያግዘኝ፣ ከደረጃው በታች ሠራ ተብሎ ተወቀሰ። አሁን በመስኮት ያየናል፤ የጨጓራ መድኃኒቱም ከኪሱ አይለይም።

ሦስተኛ፣ እንጅባራ ላይ ስለ ተሰጠን ራስን የማሳደግ ሥልጠና አመሰግናለሁ። ክሊኒኩን ዘግተን ሁላችንም እንድንሄድ ያዘዙት እርስዎ ነዎት። ከአምስት ዓመት በኋላ ራሴን የት እንደማየው ተጠይቄ «ጡረታ ላይ» ብዬ ብጽፍ፣ እንደ ቀልድ ተቆጠረብኝ። እኛ ይህን ስንጽፍ የጋሪ ነጂው የይኸነው ፈረስ የሆድ ቁርጠት ይዞት ኖሮ፣ ከተዘጋው በራችን ላይ ወድቆ ሞተ። ስመለስ ይኸነው አልተቆጣኝም። «አድጋችሁ መጣችሁ?» ብቻ አለኝ።

አራተኛ የለኝም፤ ሦስተኛው ይበቃኛል።

ስለዚህ የዓርቡን ማመልከቻ እንደማላስገባ በታላቅ ትሕትና አስታውቃለሁ። እኔ ከወጣሁ በክሊኒኩ የሚቀር ሐኪም የለምና፣ ወደ ንብረት ክፍል ከላኩኝ ቁልፉን ለማን እንደማስረክብ በጽሑፍ ቢገልጹልኝ ውለታዎን አልረሳም።

ከወንበርዎ ከፍታ ወደ ታች ለማየት ጊዜ እንዲያገኙ ዘወትር የሚጸልይልዎ፣
ያላደገው ባልደረባዎ
እንየው

ማስታወሻ፦ አባትዎ አቶ አዝመራው ባለፈው የገበያ ቀን የሚያነክስ ፈረሳቸውን ይዘው መጥተው ነበር። ቁስሉን አጥቤ ባሰርሁላቸው ጊዜ እንደ ልማዳቸው «ከፍ ያድርግህ» ብለው መመረቅ ጀመሩና ቃላቸውን መለሱት፤ «አይ፣ ልጄ ከፍ ካለ ወዲህ ዓይኑን አላየሁትም። አንተን እዚሁ ያቆይልኝ» አሉ። እኔ አሜን ብያለሁ። ምርቃቱን መሻር ከፈለጉ፣ አባትዎ ፋሻውን ለማስቀየር ቅዳሜ ከክሊኒኩ በር ላይ ይገኛሉ።