ጋቢውን አታራግፊው

ኤርጎጌ፣

ላባዋን ያየኋት ዛሬ ጠዋት ነው። ነጭ ናት፣ ከጥፍር አትበልጥም፣ የጋቢው እጥፋት ውስጥ ተሸጉጣ ነበር። ፊቤ ግን ሳምንቱን ሙሉ እሱን ተከናንባ ነው የተኛችው።

ለሰኔው ብርድ፣ ታክሲ ውስጥ ልበሺው ብዬ የሰጠሁሽ እኔ ነኝ። የምትሠሪበት ዶሮ ቤት ድረስ ለብሰሽው ትገቢያለሽ ብዬ አላሰብኩም። አንቺም አልነገርሽኝም።

ትናንት ጤና ጣቢያ ነርሷ የልጄን የፊቤን ደረት አዳምጣ፣ «ቤታችሁ ዶሮ እርባታ የሚሠራ ሰው አለ?» አለችኝ።
«ማንም የለም» አልኳት።
የመኖሪያ ወረቀትሽን ይጠይቃሉ ብዬ ፈራሁ። የዶሮ ቤት አቧራ ዓይን የማያየው ተውሳክ ይዞ በትንፋሽ ይገባል ስትለኝም ቃሌን አልለወጥኩም። አሁን እውነቱን ልነግራት ፊቤን አዝዬ ወጥቻለሁ። ስምሽን አልጠራም።

ጋቢውን በፌስታል አስሬ በረንዳ ላይ አድርጌዋለሁ። እንዳታራግፊው፣ አቧራው ይነሳል። የሥራ ልብስሽንም እዚያው አውልቂ፤ ውሃ በባልዲ አለልሽ።

አንቺንም እኮ ያስልሻል። «የታክሲ ነፋስ ነው፣ የፊቤ እናት፣ አታካብጂ» ትይኛለሽ። የሁለታችሁን ሳል እየሰማሁ ነው የማነጋው። ነገ አንቺም ትመረመሪያለሽ።

ምስር ወጥ ድስቱ ውስጥ አለ።

በረንዳ ላይ አውልቂ ስላልኩሽ ያስወጣሁሽ እንዳይመስልሽ። ዛሬ ማታ በሩ የሚቆለፈው ሦስታችንም ከገባን በኋላ ነው።