ትከሻ ላይ የሚቆይ እጅ

ጥቅምት 4፣ ሰኞ ማታ
የማታው ፍተሻ አልቆ ገባሁ። ውርጩ ዘንድሮ ቸኩሏል፤ ጆሮ ይቆርጣል። ጠዋት ክብሪት የያዘ አንድ ሰው ብቻ ተገኘ። ተቀበልኩት፣ ሲወጣ መለስኩለት። ሱፍ ያለበት ቤት እሳት አይገባም።

አዲስ ነገር፦ የጥበቃ ኃላፊያችን አለቃ ግርማ አንዲት ልጅ ይዞ መጣ። ሰላማዊት ትባላለች። ዩኒቨርሲቲ ለሁለተኛ ዲግሪ ትማራለች። የድርጅት ጥበቃን እንደ ሙያ ታጠናለች አለን። ሳቄ መጣ። ዘበኝነት ምኑ ይጠናል? በር ነው፣ ሰው ነው፣ ዱላ ነው። የሴቶቹ ፈታሽ አልማዝ እንደሆነ አፏ አያርፍም፦ «ጋሽ ተክሌ፣ እንግዲህ የመመረቂያ ጋዋን ይለኩ!» ተቆጣኋት። ባሰባት።

ጉዳዩ ግን አያስቅም። ብርድ ልብስ ፋብሪካችን የዕጣ መብራት ሊያስገባ ያስባል። ሠራተኛ ሲወጣ ቁልፍ ይጫናል። አረንጓዴ ከበራ ይሄዳል፤ የሚፈተሸው ቀይ የበራበት ብቻ ነው። ያኔ በሩ ላይ አንድ ወንድና አንዲት ሴት ይበቃል። ወንዱ ወጣት ይሆናል፤ እኔ ወደ ጀርባ አጥር። ደመወዙ ያው ነው አሉ። ጀርባ አጥር ግን ሰው አያልፍበትም። አጥርና ሜዳ ነው። የልጅቷ ጥናት ይታያል፣ ከዚያ ይወሰናል።

ይህን ሁሉ ለሚስቴ ለአስካለ ነበር የምነግራት። ሙት ዓመቷ አለፈ፣ ሌላም ክረምት አለፈ። አሁን ለአንተ ለደብተር እነግራለሁ። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው። መስመሬ ቢጣመም ሐሳቤ አይጣመምም። አንተ ደግሞ አታቋርጠኝም። እሷ ታቋርጠኝ ነበር።

ጥቅምት 5፣ ማክሰኞ
ልጅቷ በሩ አጠገብ አግዳሚው ላይ ተቀምጣ ዋለች። ስትጠይቅ አታፍርም። ሲፈትሹ ምን ይፈልጋሉ? አለችኝ። አስረዳኋት። ስንቱን ሌባ እንደያዝኩ ነገርኳት፦ ክር ወገቡ ላይ የጠመጠመውን፣ ብርድ ልብስ ከሸሚዙ ሥር የለበሰውን፣ ሌላም ሌላም። አንዱ እውነት ነው፣ እሱም ድሮ ነው። ሌላው ተጨመረ። እሷ ትጽፋለች፣ እኔ እጨምራለሁ። የሚጽፍ ሰው ፊት አፍ ይፈታል።

አልማዝ ሰምታ ዝም አለች። ዝምታዋን አልወደድኩትም።

ጥቅምት 8፣ ዓርብ
ዛሬ ደግሞ ሌላ። ከሠራተኛው ጋር ለምን አይጨባበጡም? አለች። ፈታሽ ሰው አይጨብጥም አልኳት። የጨበጥከውን ሰው ኪሱን ማየት ይከብዳል። ደንቡ የፋብሪካው ነው? አለች። የእኔ ነው አልኳት። ኮራሁ።

አልማዝ ጋ ግን ፍተሻው ሠርግ ነው። እየሳመች ትፈትሻለች። ስለ ልጅ ትጠይቃለች፣ ስለ ወገብ ሕመም ትጠይቃለች፣ እጇ ግን ሥራውን ይሠራል። የሴቶቹ ሰልፍ ይሥቃል። የእኔ ሰልፍ ዝም። ጥበቃ ማለት እንዲህ ነው ብዬ ለልጅቷ ወደ እኔው ሰልፍ አመለከትኳት። ሁለቱንም ጻፈች።

ጥቅምት 10፣ እሑድ
ልጄ ከደ/ሲና ደወለች። ያው ነው፤ ና ከእኛ ጋር ኑር፣ እዚህ ብርዱም ይሻላል። አማች ቤት አልገባም አልኳት፣ ስንት ጊዜ ልበል? አንተ ሰው ግትር ነህ አለች። ከማን ወረስሽው አልኳት። ሳቀች፣ ከዚያ ካርዱ አለቀ።

ሽሮ ሠራሁ፣ አረረ። ሬዲዮው ያወራል፣ እኔ እሰማለሁ። እሱ አይሰማም።

ጥቅምት 12፣ ማክሰኞ
ሚካኤል። ከሥራ በፊት ቤ/ክ ተሳልሜ መጣሁ። ማንንም አላናገርኩም።

ጥቅምት 15፣ ዓርብ
ተናድጃለሁ። 

የማታው ሰልፍ ሲወጣ ልጅቷ አጠገቤ ቆማ እጄን እጄን ታያለች። ሲያልቅ ቀስ ብላ ቀረበች። «ጋሽ ተክሌ፣ ቅር እንዳይልዎ። ኪስ አዩ፣ ወገብ አዩ፣ ጨረሱ። ከዚያ ግን እጅዎ ትከሻቸው ላይ ይቆያል። ትከሻ ላይ ምን ይደበቃል?»

ሂጂ አልኳት። ዕድሜ ልኬን ስጠብቅ የኖርኩትን እንዴት እንደምጠብቅ አንቺ አታስተምሪኝም አልኳት። ድምፄ ከፍ አለ መሰለኝ፤ ሠራተኛው ዞሮ አየ። ልጅቷ ወረቀቷን ሰበሰበች፣ ይቅርታ አባቴ ብላ ሄደች።

አባቴ ማለቷ ነው ያበሸቀኝ። ወይም አይደለም። እንጃ።

ትከሻ ላይ ምንም አይደበቅም። ማንም ያውቀዋል።

ጥቅምት 16፣ ቅዳሜ
እረፍት ነኝ። ልብስ አጠብኩ። ለመድረቁ ፀሐይዋ አቅም የላትም።

አንተ ደብተር፣ ለሌላ ሰው አታወራምና ልንገርህ። አስካለ የተቀበረች ዕለት አገር ሁሉ አቀፈኝ። ትከሻዬ እስኪዝል አቀፉኝ። ድንኳኑ ተነሣ፣ አርባው ወጣ፣ ሙት ዓመቱ ወጣ፣ ሰው ወደየቤቱ ገባ። ልክ ነው፣ ሰው ቤት አለው። ከዚያ ወዲህ ማን ነክቶኛል? ቄሱ መስቀል ያሳልሙኛል፤ እሱ የእግዜር ነው። ጢሜን ራሴ እላጫለሁ። ባጃጅ ውስጥ እንኳ ጥግ ይዤ ነው የምቀመጠው።

የሚነካኝ የለም። የምነካው ግን አለ፤ በፈረቃ ይመጣል። ጠዋት ይገባል፣ ማታ ይወጣል። እጁን ወደ ላይ ያነሣል፣ እኔ ከደረቱ እስከ ወገቡ እወርዳለሁ፣ ከዚያ ትከሻው ላይ... የሞቀ ነው። ከማሽን ቤት ነው የሚወጡት፣ ሙቀቱ ልብሳቸው ላይ ነው።

ልጅቷ እስክትጠይቀኝ አላየሁትም ነበር። አላየሁትም ማለቴ እውነት ይሁን አይሁን እሱንም አላውቅ።

ጥቅምት 18፣ ሰኞ
ዛሬ በደንቡ ፈተሽኩ። ኪስ፣ ወገብ፣ እለፍ። እጄን ቶሎ ቶሎ አነሣሁ። ሰልፉ ፈጠነ።

ቀለም ቤት የሚሠራው መላኩ አልፎ ሄዶ ተመለሰ። «አባባ፣ ተቀይመውኛል እንዴ?» አለ። ምን አደረግህና አልኩት። እንጃ፣ ዛሬ ፊትዎም እጅዎም ጠፋብኝ አለ። ሂድ፣ ሰልፍ አታስቁም አልኩት። ልቤ ግን ሞቀች፤ አልዋሽህም።

ከኋላው ገዛኸኝ ነበር። ረጅሙ፣ ባለ ጥቁር ሹራቡ፣ ጨርቅ የሚጠቀልለው። እሱ ደግሞ ሲያልፍ ለራሱ እንደሚያወራ፣ ዛሬስ ደህና ነው አለ።

የሁለቱንም ቃል ይዤ ቤቴ ገባሁ። የመላኩን ወደድኩት። የገዛኸኝ ግን አልወጣልኝ አለ።

ጥቅምት 19፣ ማክሰኞ
ገዛኸኝን በምሳ ሰዓት ጠራሁት። ፈታሽ ሠራተኛ ጠርቶ አያወራም፤ እኔ ግን ጠራሁት። ትናንት ደህና ነው ያልከው ምኑን ነው አልኩት። መጀመሪያ ሸሸኝ። ከዚያ ተናገረ።

«እርስዎን አልጠላም አባባ። እውነቴን ነው። ግን በየቀኑ እጅ ወደ ላይ... ሰርቄ አላውቅም። ያልሰረቀ ሰው በየማታው እጁን ያነሣል? ባለፈው ልጄ ከእናቷ ጋር ልትቀበለኝ መጥታ በአጥሩ በኩል አየችኝ። ማታ ምን አለችኝ መሰልዎ? አባዬ፣ ምን ሰርቀህ ነው?»

ምን መለስክላት አልኩት። ሥራ ነው አልኳት አለ። አመነችህ? አልኩት። ሳቀ፤ ግን ሳቅ አይደለም። ትከሻዬን ሳይነኩ ሲለቁኝ ቀለለኝ፣ ለዚያ ነው ያልኩት አለ። ወደ ሥራው ሄደ።

እኔ ትከሻውን ስይዝ የማጽናናው ነበር የሚመስለኝ።

ጥቅምት 22፣ ዓርብ
ልጅቷ ሳምንቱን ሙሉ በአልማዝ በኩል ነው የምትቀመጠው። እኔ ጋ አትመጣም። ሰኞ የመጨረሻ ቀኗ ነው አሉ፤ እያንዳንዳችንን የእጅ ፍተሻው ይቅር ወይስ ይኑር ብላ ትጠይቃለች።

አለቃ ግርማ ሻይ ጋበዘኝ። ጋብዞኝ አያውቅም። «ጋሽ ተክሌ፣ አንጋፋው እርስዎ ነዎት። የእርስዎ ቃል ይከብዳል። የእጅ ፍተሻ ከቀረ ፋብሪካው ባዶውን ይቀራል ይበሉልኝ። በሩ የእርስዎ ነው፣ ማንም አይነካዎትም።» አየህ፣ ሰው ሲቀንስበት አለቅነቱም ይቀንሳል። ሻዩን ጠጣሁ። እሺም እምቢም አላልኩ። እሱ እሺ መስሎት ትከሻዬን መታ አድርጎኝ ሄደ።

ጥቅምት 24፣ እሑድ
ሁለቱንም ጎን አየሁ። ልክ አለቃ ግርማ እንደነገረኝ ካወራሁ በሩ ይቀርልኛል። ጠዋትና ማታ ሰው አያለሁ። ጡረታ እስክወጣ እዚያው እቆማለሁ። የገዛኸኝ ልጅም በአጥሩ በኩል ታያለች።

እውነቱን ካወራሁ ጀርባ አጥር። እዚያ በግ ያልፍ ይሆናል።

አስካለ ብትኖር ምን ትል ነበር ብዬ ጠየቅሁ። እሷ የምትለውን አላውቅም። ሁልጊዜ ካሰብኩት ሌላ ነበር የምትለው።

ጥቅምት 25፣ ሰኞ ማታ
ልጽፍ ተቀመጥኩ፤ ከየት ልጀምር?

ልጅቷን እኔው ጠራኋት። ነይ፣ ባለፈው ያላለቀ ነገር አለን አልኳት። እየፈራች መጣች። ተቀመጭ አልኳት። የሌቦቹ ታሪክ ውሸት ነው፣ አንዱ ብቻ እውነት ነው፣ ሰርዢው አልኳት። አልሳቀችም። አልማዝ ከወዲያ ጆሮዋን ተክላለች፦ «እኔስ መች አመንኩና ጋሼ!» ዝም በይ አልኳት።

ከዚያ የትከሻውን ነገርኳት። ለጥበቃ አይደለም፣ ለእኔ ነው አልኳት። ለምን እንደሆነም ነገርኳት፣ በአጭሩ። ብዕሯን አስቀመጠች። 

ይህን ባልጽፈው ይሻላል፣ ለጥናቱ የግድ አይደለም አለችኝ። አዘነችልኝ መሰለኝ፤ ማዘን አልወድም። ጻፊው አልኳት። አንድ ዘበኛ እንዲህ አለ ብለሽ ጻፊ። ስሜንም አስገቢው፣ ተክሌ ብለሽ፣ ከነአባቴ። ደንብ አይፈቅድም አለች፤ የተጠያቂ ስም አይወጣም። ታዲያ ማን እንዳለው ማን ያውቃል? አልኳት። ተከራከርን። እሷም ግትር ናት። ስሜ አልገባም። እስካሁን ቆጭቶኛል።

መጨረሻ ላይ ዋናውን ጠየቀችኝ፤ ይቅር ወይስ ይኑር? ይቅር አልኳት። ያልሰረቀ ሰው እጁን አያንሣ። መብራቱ ይሻላል፤ መብራት ሰው አይመርጥም፣ ሰውም አይናፍቅም። ለመላኩ ከፋኝ፤ ግን ሰው ሰላምታ ከፈለገ እጁን ወደ ላይ ሳያነሣ ያግኘው።

እርስዎስ የት ይሆናሉ? አለችኝ። ጀርባ አጥር አልኳት።

አለቃ ግርማ ከሰዓት በፊት ሰማ። ፊቱ ጠቁሮ መጣ። መብራቱ እስኪመጣም አልጠበቀም፤ ከነገ ጀምሮ ጀርባ አጥር ነዎት አለኝ። እሺ አልኩ። የገፋኝ የለም፣ በእግሬ ነው የምሄደው።

የማታው ሰልፍ ወጣ። የመጨረሻዬ ነው። ደንብ እስኪቀየር ደንብ ነውና ሁሉንም ፈተሽኩ። መላኩን ፈተሽኩ፣ እንደ ልማዱ ቀለደ። ከዚያ ገዛኸኝ መጣ። እጁን አነሣ። ኪሱን አየሁ፣ ወገቡን አየሁ። ነገ ሌላ ሰው እንደሚፈትሸው አያውቅም፤ ለምን እንደሆነም አያውቅም። አልነገርኩትም። ትከሻውን ሳልነካ፣ እጅህን አውርድ፣ ደህና እደር አልኩት። ደህና ይደሩ አባባ አለኝና ወደ ልጁ ሄደ።