የጄዲዳያ ፔል እናት

ፋንታዬ፣ እንደምን አለሽልኝ?

መዳብ ላይ ሥዕል ይቀርጽ የነበረውን ጄዲዳያ ፔልን እኛም በምናዘጋጀው ጽሑፍ እንደ መጻሕፍቱ «ዲቃላ» ልንለው ነበር። ዛሬ የድሮውን የቤተ ክርስቲያን መዝገብ በዓይኔ አየሁት። ወላጆቹ የተጋቡት በፈረንጆቹ ግንቦት 1741፣ እሱ ክርስትና የተነሣው በየካቲት 1741።

«በቃ፣ እውነት ነው» ስል መዝገብ ጠባቂዋ ሚስስ ዊንስሎ ሳቁብኝ። «አንተ ልጅ፣ ያኔ እኮ እዚህ አገር አዲስ ዓመት የሚገባው በመጋቢት ነበር! የዚያ ዓመት የካቲት ከግንቦቱ በኋላ ነው።»

በጣቴ ቆጠርኩ፤ ዘጠኝ ወር ሙሉ! በመስከረም ዓመት የምንለውጥ እኛ ይሄ ይጥፋን?

ሚስስ ዊንስሎ የእናትየዋን ስም በጣታቸው ዳበስ አድርገው «ይኸው፣ ታቢታ» አሏት፤ ጎረቤታቸው ትመስል ነበር።

ፖስት ካርዱ ሞላብኝ፤ እትዬ ብርነሽን ሳሚልኝ። ደግሞ ያቺን ቃል ከጽሑፋችን አሁኑኑ ሰርዢልኝ፤ ታቢታ ስትጠብቅ ሦስት መቶ ዓመት ሊሞላት ነው።

ሙሉነህ