በራሳቸው ስም የሠሩት የሒሳብ ባለሙያ፦ የወይዘሮ ወርቂቱ ኢዶሳ የሕይወት ታሪክ (1914–1965 ዓ.ም.)

ወይዘሮ ወርቂቱ ኢዶሳ ከአባታቸው ከኦቦ ኢዶሳ ጨመዳና ከእናታቸው ከአዴ ገዲሴ ታፋ በኅዳር ወር 1914 ዓ.ም. በአርጆ ተወለዱ። አባታቸው ቆዳና ሰም በበቅሎ ጭነው እስከ ጋምቤላ ወደብ የሚወርዱ ነጋዴ ነበሩ። እናታቸው አዴ ገዲሴ በመንደሩ ጠብ የተነሣ እንደሆነ ቀድመው የሚጠሩ፣ ተናግረው የሚሰሙ ሴት ነበሩ። ወይዘሮ ወርቂቱ አንደበታቸውን ከማን እንደ ወረሱ ቤተሰቡ ሲከራከር ኖሯል።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ በ1923 ዓ.ም. ነቀምቴ በሚገኘው የሚሲዮን ትምህርት ቤት ገብተው ንባብና ጽሕፈት በኦሮምኛና በአማርኛ፣ እንዲሁም ጥቂት እንግሊዝኛ ተማሩ። ከሁሉም የወደዱት ሒሳብን ነበር። ጠላት አገራችንን በወረረ ጊዜ ትምህርት ቤቱ ስለ ተዘጋ ወደ አርጆ ተመልሰው የወረራውን ዘመን ከቤተሰባቸው ጋር አሳለፉ።

ነፃነት ከተመለሰ በኋላ በ1935 ዓ.ም. ነቀምቴ ውስጥ አንድ መሥሪያ ቤት የሒሳብ ጸሐፊ ለመቅጠር ፈተና አወጣ። ወይዘሮ ወርቂቱ ተፈተኑ፤ አለፉም። ኃላፊው ግን ስማቸውን ካነበቡ በኋላ ቀና ብለው አዩአቸውና፣ «ሴት እዚህ ወንበር ላይ ተቀምጣ ባለጉዳይ ስታስተናግድ አይተሽ ታውቂያለሽ?» አሏቸው። ወይዘሮ ወርቂቱም፣ «ጌታዬ፣ ወንበሩ ከከበደ ይቅር፤ ቆሜ እሠራለሁ» ብለው መለሱ። ሥራው ለሌላ ሰው ተሰጠ።

በዚያው ዓመት አኖ አካባቢ ካለ ባለርስት ቤት ለጋብቻ ሽማግሌ ተላከ። አባታቸው እሺ ብለው ነበር። ሽማግሌዎቹ በተቀመጡበት ወይዘሮ ወርቂቱ ገብተው፣ «አባቶቼ፣ ልጁን አላማሁትም፤ ደግ ሰው ነው ይላሉ። እኔ ግን ሒሳብ ተምሬ በሙያዬ ማደር ነው የምፈልገው። በዚህ አገር ካልሆነልኝ በሱዳን እሞክራለሁ» አሉ። ኦቦ ኢዶሳ ከመቀመጫቸው ተነሥተው ወጡ። ከዚያ ወዲያ ለብዙ ሳምንታት ከልጃቸው ጋር አልተነጋገሩም። አዴ ገዲሴ በሁለቱ መካከል ሆነው ምግብ ሲያቀርቡ እንኳ ከአንዱ ወደ አንዱ ቃል ያመላልሱ ነበር።

በ1936 ዓ.ም. ክረምት፣ የባሮ ወንዝ ሞልቶ መርከቦቹ ጋምቤላ የሚደርሱበት ወራት ሲሆን፣ ኦቦ ኢዶሳ እንደ ልማዳቸው ጭነት ማሰናዳት ጀመሩ። በመነሻቸው ዕለት የወይዘሮ ወርቂቱን ታናሽ ወንድም ባቻን ጠርተው፣ «ለእህትህ ለስላሳይቱን በቅሎ ጫንላት» አሉት። በነቀምቴ፣ በጊምቢና በደምቢ ዶሎ አድርገው፣ ዝናብ እየመታቸው ጋምቤላ ደረሱ። ኦቦ ኢዶሳ በንግድ የሚያውቋቸው ሙሴ ስታቭሮ የተባሉ ግሪካዊ በሱዳን ኮስቲ ከተማ የጭነት መጋዘን ነበራቸውና ልጃቸውን ለእርሳቸው አደራ ሰጡ። መርከቡ ሊነሣ ሲል እንዲህ አሏቸው፦ «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ሰው ቢጠይቀኝ ኮበለለች አልልም። ያደረስኳት እኔ ነኝ እላለሁ።»

ወይዘሮ ወርቂቱ ከቤት ጠፍተው ሄዱ እየተባለ በነቀምቴም በአርጆም ገበያ ለዓመታት ተወርቷል። ያወሩት አንዳንዶች ዛሬ በዚህ ለቅሶ ላይ ተቀምጠዋል። የሄዱት በአባታቸው በቅሎ፣ በአባታቸው ፈቃድ መሆኑን አሁን ሁሉም ይስማ።

ኮስቲ ባቡርና የወንዝ መርከብ የሚገናኙባት፣ ግሪኩም ሶርያዊውም ሱዳናዊውም የሚነግድባት ከተማ ናት። ሙሴ ስታቭሮ መጀመሪያ የሰጧቸው ሥራ ጆንያ ላይ ምልክት መጻፍ ነበር። ወይዘሮ ወርቂቱ ቀን ጆንያ ላይ ሲጽፉ ውለው ማታ ዓረብኛ ይማሩ ነበር። ቋንቋውን እንደ ያዙ ወደ ሒሳብ ክፍሉ ገቡ። ከለንደን በፖስታ የሚሰጠውን የሒሳብ አያያዝ ትምህርት የጀመሩትም ያን ጊዜ ነው። በ1940 ዓ.ም. ካርቱም ሄደው ተፈተኑ፤ ወደቁ። በተከታዩ ዓመት ዳግመኛ ወደቁ። ሙሴ ስታቭሮ፣ «ይበቃሻል ልጄ፣ እኔ ዘንድ እንጀራሽ አልተቋረጠም» ቢሏቸው፣ «እንጀራ አርጆም ነበረኝ» ብለው እንደገና ተመዘገቡ። በ1942 ዓ.ም. አለፉ።

የማለፋቸው ዜና በመጣበት ዓመት የአባታቸውም ሞት ተሰማ። ወሩ ጥር ነበርና ወንዙ ጎድሎ ወደ ጋምቤላ የሚሄድ መርከብ አልነበረም። ለቀብር አለመድረሳቸው እስከ ዕለተ ሞታቸው አንጀታቸውን ሲበላው ኖሯል። አባቷን ያልቀበረች ያሏቸው ሰዎች ይህን አያውቁም ነበር፤ ወይም ማወቅ አልፈለጉም።

በ1943 ዓ.ም. በኮስቲ የራሳቸውን የሒሳብ ቢሮ ከፈቱ። የጥጥ ገበሬዎች፣ ባለመርከቦችና ባለሱቆች ደንበኞቻቸው ሆኑ። በዚሁ ከተማ ሳሉ ከጋምቤላ የሬዲዮ ቴሌግራፍ ለሥራ ወደ ኮስቲ ተመድበው የነበሩትን አቶ ተረፈ ወሰኔን ተዋወቁ። አቶ ተረፈ አባታቸው ከሸዋ መጥተው ነቀምቴ የሰፈሩ፣ የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ እምነት ተከታይ ናቸው። ወንጌላዊ አማኝ የሆነው የወይዘሮ ወርቂቱ ወገን፣ «እምነቱን ይተውና ያግባሽ» አለ። የአቶ ተረፈ ወገንም፣ «ተጠምቃ ትምጣ» አለ። ሁለቱም አንዳቸው ሌላውን እምነትህን ተው፣ እምነትሽን ተዪ ላለማለት ቃል ተገባብተው ነበርና በ1944 ዓ.ም. ካርቱም በመንግሥት ሹም ፊት ተጋቡ። ለሃያ አንድ ዓመት በአንድ ቤት ሁለት ጾምና ሁለት ጸሎት ይዘው በፍቅር ኖሩ። የምሥራችና አዱኛ የተባሉ ሁለት ልጆችንም ወለዱ።

አቶ ተረፈ በ1950 ዓ.ም. ወደ ነቀምቴ ሲዛወሩ የኮስቲ ነጋዴዎች ወይዘሮ ወርቂቱ እንዳይሄዱ ለመኗቸው። እሳቸው ግን የተከለከሉትን ሥራ በተከለከሉበት ከተማ ለመሥራት ወሰኑ። ነቀምቴ ወደ ገበያ በሚወስደው መንገድ ላይ አንድ ክፍል ተከራይተው፣ «ወርቂቱ ኢዶሳ፣ የሒሳብ ባለሙያ» የሚል ሰሌዳ ሰቀሉ። የባለቤታቸው አጎት መጥተው፣ «የኔ ልጅ፣ የተረፈን ስም ጻፊበት፤ ሰው እንዲያምንሽ» ብለው መከሯቸው። አቶ ተረፈ ከአጠገባቸው ሆነው፣ «ጋሼ፣ እኔ ሒሳብ አላውቅም፤ ስሜ እዚያ ላይ ወጥቶ ምን ሊሠራ ነው?» ብለው አሳቋቸው።

ሰሌዳው ወድቆ ተገኘ። አሰቀሉት። ተሰብሮ ተገኘ፤ አዲስ አሠሩ። እሱንም ጥቁር ቀለም ደፉበት። በሦስተኛው ወይዘሮ ወርቂቱ ከቆርቆሮ አሠርተው ፊደሉን እጥፍ አደረጉትና ራሳቸው መሰላል ላይ ወጥተው ቸነከሩት፤ መንገደኛውም ቆሞ አያቸው። ከዚያ በኋላ የነካው የለም። ደንበኛ ግን እስከ ክረምቱ መውጫ አልመጣም። በየጠዋቱ በሩን ከፍተው፣ በየማታው ዘግተው ይገቡ ነበር።

መጀመሪያ የገቡት የጎጃም ተወላጅዋ የቅቤና የእህል ነጋዴ ወይዘሮ በዛብሽ ናቸው። «ወንዶቹ ሒሳቤን ሲጽፉልኝ እኔ እንዳይገባኝ አድርገው ነው። አንቺ እንዲገባኝ አድርገሽ ጻፊልኝ» አሏቸው። ወይዘሮ ወርቂቱ ጽፈው ብቻ አልሰጧቸውም፤ አንብበው እስኪረዱት አብረዋቸው ተቀመጡ። ወይዘሮ በዛብሽ ይህን በየገበያው ስለ ተናገሩ ከኡኬ፣ ከአኖና ከአርጆ ነጋዴው ይመጣ ጀመር። ለአንዱ በኦሮምኛ፣ ለሌላው በአማርኛ ሲያስረዱ፣ ደንበኛው ሳይገባው ከቢሯቸው አይወጣም ነበር።

በ1957 ዓ.ም. ያ ቀድሞ ሥራ የከለከላቸው መሥሪያ ቤት ጸሐፊዎቹን እንዲያሠለጥኑለት ጠየቃቸው። «ከሚሠለጥኑት መካከል ሁለቱ ሴቶች ይሁኑ፤ ሲጨርሱም ይቀጠሩ» ብለው መለሱ። መሥሪያ ቤቱ እንቢ አለ፤ እሳቸውም እንቢ አሉ። ዘመድ አዝማድ፣ «እንዲህ ያለ ክብር አይገፋም» ብሎ ቢቆጣም አልተበገሩም። ዓመቱ ዞሮ መሥሪያ ቤቱ ተስማማ። ከሁለቱ አንዷ ወይዘሪት ኢትዮጵያ ሞረዳ ዛሬ በዚያው መሥሪያ ቤት የሒሳብ ክፍል ኃላፊ ናቸው።

ወይዘሮ ወርቂቱ በ1963 ዓ.ም. ታመሙ። ሕመሙ የጡት ካንሰር ነበር። ሰው በሹክሹክታ ሲያወራው እሳቸው በስሙ ይጠሩት ስለ ነበር እዚህም በስሙ ተጽፏል። አዲስ አበባ ሄደው ቀዶ ሕክምና አደረጉ፤ ተመልሰውም አቅማቸው እስከ ፈቀደ ድረስ ሠሩ። ባለፈው የካቲት አልጋ ላይ ሲውሉ የቤተሰቡ ታላቅ ኦቦ ዱቤ ሊጠይቋቸው መጥተው፣ «ወርቂቱ፣ ትተሽን መሄድሽን፣ ሽማግሌ መመለስሽን ንስሐ ግቢበትና ልብሽ ይረፍ» አሏቸው። ወይዘሮ ወርቂቱ ውኃ ጠየቁ፤ ጠጡ። ከዚያም፣ «ኦቦ፣ ኃጢአቴን ሁሉ ለጌታዬ ነግሬዋለሁ። ሱዳን መሄዴ ግን ውስጡ የለም» አሉ።

ኦቦ ዱቤ ይህ በጽሑፉ እንዲገባ ራሳቸው ፈቅደዋል።

ወይዘሮ ወርቂቱ ኢዶሳ መጋቢት 9 ቀን 1965 ዓ.ም. በተወለዱ በ51 ዓመታቸው ነቀምቴ በሚገኘው መኖሪያ ቤታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸው አቶ ተረፈ ወሰኔ፣ ልጆቻቸው የምሥራችና አዱኛ፣ ወንድማቸው ኦቦ ባቻ ኢዶሳ፣ እንዲሁም ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀው የወንድማቸው ልጅ ደረሳ ባቻ በሐዘን ቀርተዋል። ከአስክሬናቸው በፊትና በኋላ ለሚቆሙት ቄሶችና ፓስተሮች፣ ከሁለቱም ወገን ዕድር ለመጡት ሁሉ ቤተሰቡ ያመሰግናል።

የፈጠራቸው አምላክ ነፍሳቸውን በቅዱሳኑ ማኅበር ያሳርፍ። እንደ ኖሩት አድርጎ፣ ቀና እንዳሉ፣ በራሳቸው ስም ጠርቶ ይቀበላቸው። አሜን።