ያልጠጣሁት አረቄ

ታናሽ ወንድሜ፣

ቀምሼው የማላውቀውን አረቄ ጠጣሁ ብዬ በጉባኤ ፊት እንድናዘዝ ያደረግኸኝ አንተ ነህ። በደብዳቤህ «በዚያን ጊዜ የሆነው ነገር» እያልህ ዙሪያውን ትሄዳለህ። የሆነው ነገር ስም አለው፤ ስሙን አስቀድሜ ጻፍሁልህ። አሁን ወደ ሰላምታው መሄድ እንችላለን።

እንደምን ከረምህ? ሚስትህን ማግንሂልን ጉልበቷ ተሻላት ወይ? ልጆቹስ ደኅና ናቸው? ክረምቱ በደሴቱ በኩል ክፉ እንደነበርና የጀልባ ቤቱን ጣሪያ ነፋስ እንደወሰደው ሰምቻለሁ። እኔ እንዳለሁ አለሁ። ግራ ጆሮዬ ከገና ወዲህ ፈጽሞ አይሰማም። ቀኙ ይበቃኛል፤ እዚህ የሚሰማ ብዙ ነገር የለም።

ቤት ያከራየችኝ ቶርቢዮር የምትባል ባልቴት ናት። የደሴታችን ወሬ ከእኔ ቀድሞ ደርሷት ኖሮ፣ በገባሁበት ሳምንት ፍራሼን ገልብጣ ጠርሙስ ስትፈልግ ደረስሁባት። ምንም ስታጣ ተናደደች። «ስንት ሰካራም አሳድሬአለሁ፤ እንዳንተ ያለ ደባቂ ግን አላየሁም» አለችኝ። አሁን ተላምደናል። ራስ ማዞሩ መጥቶብኝ የደረጃውን መደገፊያ አቅፌ ስቆም በአጠገቤ ታልፍና፣ «አንተ ሰውዬ፣ የእንጨቱን ቀለም ጨረስኸው እኮ» ትለኛለች። ምሳዬን ግን ሸፍና ታቆይልኛለች። እውነቱን አልነገርኋትም። ለማንም አልነገርሁም።

አንተ በደብዳቤህ ስላዛነፍኸው ነገሩን አንድ ጊዜ እንደሆነው አስቀምጠዋለሁ።

መጀመሪያ የነገርሁት ለአንተ ነው። ጀልባ ቤቱ ውስጥ መረብ ስንጠግን፣ ማንም ሳይኖር። ጆሮዬ ውኃ እንደገባበት ይደፈናል፣ ከዚያ እንደ ሩቅ ሞተር ያጉረመርማል፣ ከዚያ ዓለም ትዞራለች አልሁህ። ጥቂት ደቂቃ ነው። በእነዚያ ደቂቃዎች ግን ወለሉ ግድግዳ ይሆናል፣ ግድግዳው ጣሪያ ይሆናል፤ ሰው የገዛ እጁ የት እንዳለ አያውቅም። ቤርገን ከተማ ያለው የጆሮ ሐኪም ያለኝንም ሳልደብቅ ነገርሁህ፦ በውስጠኛው ጆሮ ያለው ፈሳሽ ይበዛል፣ ሚዛን ይጠፋል፤ አይገድልም፣ ግን ይድናል ብዬ ተስፋ አልሰጥህም። ጨው ቀንስ ብሎኝ ነበር። ያን ጊዜ ሳቅህ። «ጨው ከተውን እኛ ምን ልንበላ ነው፣ ሣር?» አልህ። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ወዲህ አብረን የሳቅንበት ቀን ትዝ አይለኝም።

ቀጥሎ የሚስዮን በዓል ደረሰ። በእኛ ጸሎት ቤት ከአባታችን ዘመን ጀምሮ መጠጥ የሚቀምስ ሰው ወንበር እንደሌለው ታውቃለህ። እኔ ትምህርት ቤት ብዙ አልተቀመጥሁም፤ በደንብ ማንበብ የተማርሁት ሰው በማሻግርባት የደሴቱ ጀልባ ላይ ተሻጋሪ እየጠበቅሁ በገለጥሁት መጽሐፍ ነው። ስለዚህ ቃሉን እንዳነብ ስጠራ ሁልጊዜ አንገቴን ቀና አድርጌ እነሣ ነበር። ያን ቀን ሁለተኛውን ቁጥር ሳልጨርስ ፊደሎቹ ወደ ጎን መፍሰስ ጀመሩ። የጠረጴዛውን ጨርቅ ያዝሁ፤ ኩባያውም ሳህኑም ተከተለኝ። በሴቶቹ እግር ሥር አስመለስሁ። ልነሣ ስል ደግሜ ወደቅሁ። ባለሱቁ ኦድቫር ከኋላ ወንበር፣ «የቱን ጠርሙስ ነው የሚያነብልን?» ሲል በደኅናው ጆሮዬ ሰማሁት። ተሸክመው ያወጡኝ ሰዎች ምንም እንዳልሸተትሁ ያውቁ ነበር። አንዷ ሴት ግን፣ «የሚያፍር ሰው የማይሸት መጠጥ ያገኛል» አለች፤ ነገሩ በዚህ ተዘጋ።

በማግሥቱ መጥተህ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጥህ። ያልኸውን ቃል በቃል ይዤዋለሁ።

«ወንድም ጋሼ፣ ሕመም ነው ካልን ጀልባዋን ይነጥቁሃል። ኃጢአት ነው ካልን ግን ይቅር ይሉሃል።»

ሰዎቻችንን አውቀህ ተናገርህ። የደሴቱ ምክር ቤትና የጸሎት ቤቱ ሽማግሌዎች ያው ናቸው፤ ካፖርታቸውን ብቻ ነው የሚለውጡት። እየዞረበት የሚወድቅ ሰው ሰው አያሻግርም። ተጸጽቶ የተመለሰ ሰካራም ግን ይዘመርለታል። እግዚአብሔርስ ብዬ ስጠይቅህ፣ እሱ ጆሮህን ያውቀዋል አልኸኝ። እኔ መልስ ሳልሰጥህ አንተ ወጥተህ ለሽማግሌዎቹ ወንድሜ በድሏል፣ ይቅርታ ሊጠይቅ ይፈልጋል ብለህ ተናገርህ። እሑድ ስሜ ተጠራ። ከቆምሁ በኋላ ማድረግ የምችለው አንድም የአንተን ቃል መስበር ነበር፣ አንድም የእኔን።

ጠጣሁ አልሁ።

ሴቶቹ አለቀሱ። መዝሙሩ ሦስት ጊዜ ተደገመ። ኦድቫር መጥቶ አቀፈኝ፤ ከልጅነታችን ጀምሮ እጁ ትከሻዬን ነክቶ አያውቅም። ወንድሜ፣ እውነተኛ ሆኜ በኖርሁበት ዘመን ሁሉ በዋሸሁበት ቀን የተወደድሁትን ያህል አልተወደድሁም። የበደልኸኝ በዚህ ነው። ጀልባዋ ትንሽ ነገር ናት።

በሚያዝያ ራንቬይንና ልጇን አሻግሬ ባዶ ጀልባ ይዤ ስመለስ መሀል ባሕር ላይ ያዘኝ። መሪውን ለቅቄ ወደቅሁ። ሞተሩ ይሠራል፤ ጀልባዋ ብቻዋን ክብ እየሠራች ዞረች፣ እኔ ደግሞ በውስጧ ዞርሁ። አንድ የብሎን ራስ አገኘሁና ዐይኔን ተክዬበት ተኛሁ። ሲለቀኝ ቀና ብዬ ባይ ትልቁ ቋጥኝ በአንድ መቅዘፊያ ርቀት ላይ ነው። ቋጥኙ አላስፈራኝም። ራንቬይ ከነልጇ የተቀመጠችበት ሣንቃ ከልብሳቸው በወረደው ዝናብ ገና እርጥብ ነበር። እሱን አየሁ።

በዚያው ቀን የጀልባዋን ቁልፍ ለምክር ቤቱ ወሰድሁ። ምክንያቱን ጠየቁኝ። አንተ ከጸሐፊው አጠገብ ተቀምጠህ ጠረጴዛውን ታያለህ። ጆሮዬ ነው ብል የፊተኛው ኑዛዜ ውሸት ይሆናል፤ ውሸቱን ማን እንዳበሰለውም ይጠየቃል። አንተ ደግሞ በዚያ ወር ሽማግሌ ተደርገሃል። «ደግሜ ጠጣሁ» አልሁ። ያን ጊዜ ማንም አላስገደደኝም፤ ሁለተኛው የራሴ ነው። ለሁለተኛ ጊዜ መዝሙር የለም። ወንበሬን ሰጡ፣ ጀልባዋን ሰጡ፣ ለአሻጋሪው የሚሰጠውንም ቤት ሰጡ። ለማን እንደሰጡ መጻፍ አያስፈልገኝም፤ ዛሬ በመኝታ ቤቴ መስኮት ባሕሩን የምታየው አንተ ነህ።

አሁን ደግሞ እንቅልፍ አጣሁ፣ በጉባኤ ቆሜ እውነቱን ልናገር ትለኛለህ። ገጽ በገጽ የተጻፈ ጸጸት ነው። በመጨረሻ፣ ማግንሂል ሰላም ትልሃለች ካልህ በኋላ፣ አንዲት መስመር ጨምረሃል፦ መጮኹ የሚጀምረው በአንድ ጆሮ ነው ወይስ በሁለቱም? እኔ ብዙ ትምህርት የለኝም፤ ደብዳቤ ማንበብ ግን አውቃለሁ። ያ ሁሉ ገጽ የተጻፈው ለዚያች መስመር ነው።

በአንዱ ነው። ለብዙ ጊዜ በአንዱ ብቻ።

ስለዚህ ስማኝ። ይህ ወረቀት እጅህ ሲገባ ጀልባዋን እሰር። ነገ አትበል፤ ወደቡ ላይ የሚጠብቅ ሰው ካለ ይጠብቅ። ከዚያ ቤርገን ሄደህ ታይ፣ የሐኪሙንም ወረቀት ይዘህ ምክር ቤቱ ፊት ቁም። እኔ ከመናገሬ በፊት ወደቅሁ፤ አንተ ከመውደቅህ በፊት ተናገር። ማዞሩ ሲመጣ በኩራት ቆሜ አሳልፈዋለሁ አትበል። መሬት ላይ ተኛ፣ የማይንቀሳቀስ ትንሽ ነገር ፈልግና ዐይንህን ትከልበት። አትጨፍን፤ ለእኔ ጨለማው ይብስ ይዞር ነበር። ያልፋል። ይህን የምልህ ላጽናናህ አይደለም፤ ስለሚያልፍ ነው። ማግንሂል ጨው ያለበትን ዓሣ ሌሊቱን ውኃ ውስጥ ታሳድረው፣ ውኃውንም ትለውጠው። ይጥማል ብዬ አልዋሽህም።

ጀልባዋን ይወስዱብሃል። ቤቱንም ይወስዳሉ። ከማንም ይልቅ አውቀዋለሁ። ቶርቢዮርን ጠይቄአታለሁ፤ ላይኛው ፎቅ ላይ ልጆቹን ጭምር የሚይዝ ባዶ ክፍል አላት። «ይሄኛውም እንዳንተ ደባቂ ነው?» አለችኝ። አይደለም አልኋት፣ እሱ በሽተኛ ነው።

ስለ እኔ ግን በጉባኤ አትናገር። ወንድሜን አስዋሽቼው ነበር ብለህ ከቆምህ በኋላ ጆሮዬን አመመኝ ብትል ማን ያምንሃል? የእነዚያ ወንድማማቾች ነገር ይላሉ፣ ይስቃሉ፣ ልጆችህም በዚያ ሳቅ ውስጥ ያድጋሉ። እኔ ሰካራም ሆኜ ልቅር። አንተ በሽተኛ ተብለህ ታመም። ሰው በስሙ መታመም ትልቅ ነገር ነው፤ ያጣ ያውቀዋል።

ይቅር ብዬሃለሁ ብዬ አልጽፍልህም። በአንተ ምክንያት ያልሆነውን ሆነ ብዬ ሁለት ጊዜ ተናግሬአለሁ፤ ሦስተኛ የለም።

እግዚአብሔር ምድሩን ያጽናልህ። ልጆችህን ያሳድግልህ፣ ማግንሂልንም ይጠብቅልህ። የሚሻገሩትን ሁሉ በሰላም ወደ ቤታቸው ያግባቸው።

ከዛሬ ወዲያ ይህን ነገር አላነሣውም። ጽፈህበት ብትልክ ሳላነበው ምድጃ ውስጥ እከተዋለሁ። በአካል መጥተህ ብታነሣው ተነሥቼ እወጣለሁ፤ እየዞረብኝም ቢሆን በግድግዳው ታክኬ እወጣለሁ። ስሞት እንኳ ሬሳዬ ላይ ቆመህ እንዳትናገረው። እኔ ጨርሻለሁ።

ታላቅ ወንድምህ