የባለቤቴ የደም ውጤት

ይድረስ ለታናሽ እህቴ፣

እታለም፣ እንደምን ከረምሽ? እኛ ደህና ነን። አንቺ ከሄድሽ ወዲህ ቤቱ ጭር አለ የሚለው ባለቤቴ ነው።

ላቦራቶሪያችን ያው ነው፤ ያንን በምራቅ የሚተላለፍ፣ ጉሮሮ የሚያሳብጥ ቫይረስ እንመረምራለን። አንዴ የያዘውን ሰው አይለቅም፤ ፀረ እንግዳ አካሉም ከደሙ አይጠፋም። እኔንና ባለቤቴን ይዞን ስለማያውቅ በየዓመቱ ለማነጻጸሪያ የምንጠቀመው የእኛን ደም ነበር። ዘንድሮ ግን የቫይረሱን ፕሮቲን የሚዋጋ ፀረ እንግዳ አካል በእሱ ደም ተገኘ፤ ያውም በቅርቡ መያዙን የሚያሳይ አዲስ። ተሳስቼ ይሆናል ብዬ ሦስቴ ደገምኩት። «ብርጭቆ ተጋርቼ ይሆናላ!» ብሎ ሳቀ። መቼም እኔም ካንቺ ጋር በአንድ ብርጭቆ ስጠጣ ነው የከረምኩት፤ የእኔ ደም ንጹህ ነው።

ለመሆኑ እኛ ጋ ሳለሽ አብጦ የነበረው ጉሮሮሽ ተሻለሽ?

የእኔ ሰላምታ ይኸው። የእሱ ሳይደርስሽ አልቀረም።

እህትሽ