አዲሱ ፖሊሽና የሚዛን ዝናብ

ሰኞ፣ ሰኔ 9። ጠዋት

ዛሬም ዝናብ። ላቫጆው ደጃፍ ላይ ጭቃ እንጂ መኪና የለም። ታደለ የውሃውን ጎማ እየጠቀለለ ያስላል። ዞር ብዬ ሳየው ጉሮሮውን የሚጠርግ መሰለ። እኔም እንዳላየሁ ሆንኩ።

ይኸውልሽ ማስታወሻዬ፣ ይህን ለሌላ ሰው አልናገርም። ባሌን ሳሉ አልለቀው ብሏል። እኔ ደንበኛ እቀበላለሁ፣ እሱ ያጥባል፣ ይወለውላል። ሰው መኪናውን ከቴፒም ከጌጫም ድረስ የሚያመጣው ለሱ እጅ ብሎ ነው። ግን ያ የምንጠቀምበት ፖሊሽ! ሽታው አናት ይበሳል። አማን ከተማ ያየው ሐኪም ከሽታው ራቅ አለው። ከሽታው ራቅ ማለት ከሥራው ራቅ ማለት ነው። ታ. ሲነግረኝ ይስቅ ነበር። እኔ አልሳቅኩም።

ፖሊሹን አ.አ. ላይ የሚቀምመው አቶ ግርማ ነው። ባለፈው ደውሎ ቅመሙን ለውጫለሁ አለኝ። ያንን የሚያፍን ነገር አውጥቶታል። አዲሱ እንደ ድሮው ያበራል፣ ቀለሙንም ከውሃና ከጭቃ ይከላከላል ባይ ነው። ግን የሞከረው እዚያው ከተማ ነው። እናንተ ዘንድ ዝናቡ አያባራም፣ እዚያ ሞክሪውና እውነቱን ንገሪኝ አለ። ዕቃው ዛሬ በአውቶቡስ ደረሰ። ከፍቼ አሸተትኩት። ምንም! የፀጉር ሻምፖ ይመስላል። ልቤ ዘለለ። ወዲያው ደግሞ ፈራሁ።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 10። ከሰዓት

ሞከርን። በራሳችን አሮጌ መኪና ላይ። ቀለሙ ጥቁር ሰማያዊ ስለሆነ ጉድለት አይደብቅም። የሞተሩን ክዳን፣ ኮፈኑን፣ መሐል ለመሐል በፕላስተር ከፈልኩት። በስተቀኝ አሮጌው፣ በስተግራ አዲሱ።

አሮጌውን እኔ ልቀባ አልኩ። ታ. እምቢ አለ። ጨርቁን ይዞ ጎንበስ ሲል ጀመረው፤ ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ ሳለ። ወደ ግራ ሲሻገር ግን ዝም። እያፏጨ ጨረሰ። ሲያፏጭ ከሰማሁ ስንት ጊዜዬ ነው! በቆምኩበት እንባዬ መጣ። ዝናቡ ነው ብዬ ፊቴን ጠረግኩ። ከጣሪያ ሥር ነበርን።

ሁለቱም ጎን ያበራል። ልዩነት አጣሁ። ታ. ይኸው አበቃ፣ አሮጌውን ሰነባበትነው ይላል። ቆይ፣ ዝናብ ይምታው አልኩትና መኪናውን ደጅ አወጣነው። ደስታውን የቀማሁት መሰለኝ።

ረቡዕ፣ ሰኔ 11። ጠዋት 2 ሰ.

ሲዘንብ አደረ። ጎህ ሲቀድ በነጠላ ጫማ ወጣሁ። ውሃው በሁለቱም ጎን ድቡልቡል እያለ ይንከባለላል። አምላኬ ተመስገን! ታ.ን ቀሰቀስኩት።

ያው ቀን። ቀትር

ቸኩያለሁ። ፀሐይ ብልጭ አለችና ኮፈኑ ደረቀ። ቀኙ መስታወት ነው። ግራው ነጣ። ሰው ትንፋሹን እፍ ያለበት ይመስላል። በጨርቅ አሸሁት፣ አይለቅም። 

ለአቶ ግርማ ደወልኩ። አልተቆጣም። ከቀባችሁት በኋላ ውሃ ሳይነካው ቆየ ወይ አለኝ። ምን ያህል ነው የሚቆየው አልኩት። በደረቅ አየር ቶሎ ይይዛል አለ። በደረቅ አየር! እዚህ የሰቀልነው ልብስ እንኳ መቼ ይደርቅና። በእናንተ አየር ስንት እንደሚፈልግ እኔም አላውቅም፣ እናንተ ናችሁ የምትነግሩኝ አለ። ቢያንስ አልዋሸኝም።

ለታ. ነገርኩት። ኮፈኑን አየ፣ እኔን አየ። ትንሽ ነው፣ ማን ያየዋል አለ። እኔ አየሁት አልኩ።

ሐሙስ፣ ሰኔ 12። ማታ 12 ሰ.

ሐጂ ሙስጠፋ መጡ። የቡና ነጋዴው፤ ከጅማ መጥተው አማን ከከተሙ ብዙ ዘመን ሆኗቸዋል። ላቫጆ ስንከፍት የመጀመሪያ ደንበኛችን እሳቸው ናቸው። ሌሎቹንም ነጋዴዎች ያመጡልን እሳቸው። የልጃቸው ሰርግ ቅዳሜ ነው። ሙሽራዋ ከቴፒ የምትመጣው በዚያች በጥቁሯ መኪናቸው ነው። ነገ ጠዋት አመጣታለሁ፣ ሙሽራዋ መልኳን እንድታይባት አድርጋችሁ ስጡኝ አሉ። እሺ አባቴ አልኩ። አፌ እሺ ይላል፣ ዓይኔ የራሳችንን ኮፈን ያያል።

ሐጂ እንደሄዱ ተጣላን። እኔ በአሮጌው ይሁን አልኩ። ለአንድ ቀን፣ አፍህን ሸፍነህ። ታ. በአዲሱ ነው የምሠራው አለ። ዝናብ ካልነካው ምንም አይሆንም ባይ ነው። በሰኔ! ድምፄን ከፍ አደረግኩ መሰለኝ። ያኔ ቀስ ብሎ እንዲህ አለኝ፦ «ወይንሸት፣ በአሮጌው ስሠራ ደረቴን ሰው የሚረግጠው ነው የሚመስለኝ። ላንቺ አልነገርኩሽም እንጂ።»

 የሚያሳስበኝ ሥራው ነው ወይስ እሱ? ሁለቱም። ሁለቱን መለየት አልቻልኩም።

ዓርብ፣ ሰኔ 13። ከሰዓት

እሱ ያለው ሆነ። በአዲሱ ቀባ፤ እኔም አልከለከልኩትም። መኪናዋ ከጣሪያ ሥር ውላ እንድታድር፣ ነገ ጠዋት እኛው እንድናደርስ ነበር ሐሳባችን። ለሐጂ ታናሽ ልጅ፣ ለሙሽራው ወንድም፣ በስልክ ነገርኩት፣ እሺ ብሎ ነበር። ግን እንግዳ ከጅማ ሊመጣ ነው፣ መናኸሪያ የሚቀበለው የለም ብሎ ከች አለ። ይቆይ አልኩ፣ ለመንኩ። ለምን እንደሆነ ግን አልነገርኩትም። ምን ብዬ? አበራሯን አይቶ በጣም ተደሰተና ነድቶ ሄደ።

ከመንገዱ መታጠፊያ ሳይሰወር ዝናቡ ወረደ። የቆርቆሮው ጩኸት ጆሮ ይደፍናል። ታ. በሩ ላይ ቆሞ መንገዱን ያያል።   ምሳ አልበላንም።

ቅዳሜ፣ ሰኔ 14። ማታ



ጠዋት ያው የሐጂ ታናሽ ልጅ ደወለ። መኪናዋን ምን አደረጋችኋት? ሌላ አልጨመረም። ታ. አሮጌውን ፖሊሽና ጨርቁን አነሣ፤ በባጃጅ አማን ደረስን። ግቢው በሰው ሞልቷል። ወደ ቴፒ የሚሄዱት መኪኖች ተሰልፈዋል። ጥቁሯ ከፊት ናት። ኮፈኗና ጣሪያዋ ልክ እንደኛው መኪና፣ ጉም የተኛባት ይመስላል። ዘመድ ሁሉ ከብቧት በጣቱ ይነካካል።

ሐጂ ነጭ ለብሰው መጡ። ታ. ሊናገር አፉን ከፈተ። ቀደምኩት። አዲስ ነገር ነው አባቴ፣ ገና እየሞከርነው ነበር፣ ዝናብ እንደማይወድ እያወቅን ነው የቀባነው አልኳቸው። ሁሉንም። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት።

መኪናዋን ዞረው አዩ። ከዚያ፦ «በልጄ ሰርግ ነው እንዴ የምትሞክሩት፣ ወይንሸት?»

ስሜን ሲጠሩ ነው የተሰበርኩት። ሁልጊዜ ልጄ ነበር የሚሉኝ።

ታ. አልጠበቀም። አሮጌውን ከፍቶ ማሸት ጀመረ። ጥድፊያ ነው፣ አፉንም አልሸፈነ። ነጩ ይለቃል፣ ግን ቀስ እያለ። የኮፈኑን ግማሽ እንኳ ሳይጨርስ ያዘው። ሳል አይደለም ያ፤ አየር ፍለጋ ነው። ከጎማው ሥር ተቀመጠ። ከንፈሩ ጠቆረ። ጮህኩ መሰለኝ። ሴቶቹ ውሃ ይዘው ሮጡ።

ሐጂ ጎንበስ ብለው ጨርቁን ከእጁ ወሰዱ። አጠገባቸው ነበርኩና ሰማሁ፦ «ተው፣ ልቀቀው። ለዚህ ነው እንዴ የቀየራችሁት?»

ታ. አዎ ሲል ራሱን ነቀነቀ። 

«ታዲያ አትነግሩኝም ነበር?» አሉ ወደኔ ዞረው። ቁጣቸው አልበረደም፣ ቁጣው ግን ሌላ ሆነ። ልጃቸውን ጠርተው አበባውን ሁሉ ኮፈኑ ላይ አድርጉት፣ ጣሪያውንም በጨርቅ ሸፍኑት አሉ። ግማሹ መስታወት፣ ግማሹ ጉም የሆነች መኪና በአበባ ተሸፍና ወጣች። የመኪኖቹ ጥሩምባ እየጮኸ። እኛን በሌላ መኪና ወደ ሐኪም ላኩን።

ታ. ተንፍሷል። ተኝቷል። ሐኪሙ ከሽታው ራቅ ያለውን ደገመው፤ ዛሬ ግን እኔን እያየ ነው የተናገረው።

እሑድ፣ ሰኔ 15

ታ. ተሽሎታል፤ ሾርባ ጠጣ። ስለትናንቱ አናወራም። ሙሽራዋ በሰላም ገብታለች አሉ። ሌላ ያልሰማሁት ምን እንደተባለ እፈራለሁ። ከተማው ትንሽ ነው።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 17። ቀትር

የሐጂ መኪና ዛሬም በደጃፋችን አለፈች። አልቆመችም። እጄን ላነሣ ብዬ ተውኩት። ትናንት አንድ ሹፌር ሰርግ ላይ ያደረጋችሁትን ሰማሁ አለኝ። እየሳቀ ነው፤ ግን መኪናውን ሳያሳጥብ ሄደ።

አቶ ግርማ ደወለ። ያየሁትን ሳልቀንስ ነገርኩት። ያበራል። ባሌ ሳይስል ይሠራበታል፤ ለዚህ ብቻ እግርህን እስማለሁ። ግን ሳይዝ ዝናብ ካገኘው ይነጣል፣ የነጣው ደግሞ ያዋርዳል። በእኛ አየር ቢያንስ ከጣሪያ ሥር ውሎ ማደር አለበት፤ እሱም ይበቃው እንደሆን ገና አላየሁም። ይህን ሳትነግር ለሰው እንዳትሸጥ አልኩት። ደግሜ እሠራዋለሁ አለ። እስከዚያው አሮጌውን ልላክልሽ ወይ ብሎ ጠየቀኝ።

ታ. አጠገቤ ተቀምጧል። ይላክ ብሎ በእጁ ምልክት ሰጠኝ። ክረምቱን በምን እንገፋዋለን፣ ጭንብል አደርጋለሁ፣ ለቸኮለ ደንበኛ ብቻ... ይህ ሁሉ በዓይኑ ነው። ገባኝ። እኔም ያው ጭንቀት ነው ያለብኝ፤ እንቅልፍ ካጣሁ ሰነበትኩ።

አትላክ አልኩት።

ታ. ተነሥቶ ወጣ። ተቆጥቷል። ይቆጣ። የተረፈውን አሮጌ ፖሊሽ ካርቶን ውስጥ አሽጌ ለአውቶቡሱ ረዳት ሰጥቻለሁ፤ ነገ ወደ አ.አ. ይመለሳል። ሊያሳድር የፈቀደን በአዲሱ እንሠራለታለን፣ የሚያስፈራውንም ቀድመን እንነግረዋለን። የቸኮለን አጥበን እንሸኛለን። አሁን ደግሞ ነጠላዬን ለብሼ ሐጂ ቤት እሄዳለሁ። ያቺን ኮፈን እኛው እንድናጸዳት፣ ሌላ ሰው እጅ ሳትገባ እንዲሰጡን እለምናቸዋለሁ። እምቢ ካሉኝም በሩ ላይ ቁጭ ብዬ እጠብቃቸዋለሁ።